አራት ማሽን በአንድ ሳጥን፦ የዱቄት ፋብሪካው ሰርቨር ማስታወሻ

ጥቅምት 28፣ 2017 ዓ.ም.

ደብረ ብርሃን ዛሬ ውርጭ ጥሎባት አደረች። ፋብሪካው ስደርስ ኃላፊው ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቢሮው በር ላይ ቆመዋል። ሰላምታችንን በቅጡ ሳንጨርስ ወረቀት ሰጡኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን እያት። እውነት ይሄን ያህል ያስፈልገናል?»

ከአዲስ አበባ የመጣ ፕሮፎርማ ነው። ሦስት አዲስ ሰርቨር፣ በየዓመቱ የሚታደስ የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር (አንድ ማሽን ውስጥ ብዙ ማሽን የሚያስኬድ) ፈቃድ፣ የዊንዶውስ ፈቃድ፣ የገጠማ ክፍያ። ዋጋው በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ ምንዛሪ በብር ይከፈላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። አምና ቅር እያላቸውም ቢሆን ይከፍሉት የነበረው ገንዘብ ዘንድሮ እጥፍ ሆኗል።

እኔ የፋብሪካው ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም። ኮምፒውተር ሲበላሽ የምጠራ ሰው ነኝ። ግን ሰፈሬ ያሉት ዳቦ ቤቶች ፉርኖ የሚወስዱት ከዚህ ነው። ቤቱ ያላግባብ ገንዘብ ሲያወጣ ዝም ብዬ ማየት አልፈልግም። «ጋሼ፣ ትንሽ ቀን ይስጡኝ። አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ያለውን ቆጠርኩ። አራት ማሽን አለ። አንዱ ሒሳብ ክፍል ነው፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ላይ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ይሠራል። ሁለተኛው የመጋዘን ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ነው። ሦስተኛው የጋራ ሰነዶችን ይይዛል። አራተኛው የሠራተኛውን የአሻራ መቆጣጠሪያ ይሰበስባል። ሁሉም ሌት ተቀን ይበራሉ። እያንዳንዳቸው መብራት ሲጠፋ የሚይዛቸው የየራሳቸው ዩፒኤስ አላቸው፣ ሁለቱ ዩፒኤሶች ባትሪያቸው ሞቷል። የመጋዘኑን ማሽን ክዳን ስከፍት ፋኑ ላይ የዱቄት ብናኝ እንደ ሊጥ ተጋግሮ አገኘሁት።

ኅዳር 3

ከመገመት መለካት ይሻላል ብዬ በአራቱም ላይ የአጠቃቀም መመዝገቢያ ለአምስት ቀን አስኬድኩ። ዛሬ ውጤቱን አየሁ። የፕሮሰሰሮቹ ሥራ አብዛኛውን ሰዓት ከ10 በመቶ በታች ነው። ሒሳብ ክፍል ብቻ ጠዋትና ወር መጨረሻ ላይ ከፍ ይላል። አራቱም የሚጠቀሙት ራም ቢደመር 22 ጊጋባይት አይሞላም።

ዋት መለኪያም ሰካሁባቸው። 118፣ 95፣ 90 እና 82። ድምሩ 385 ዋት። አብዛኛው የሚባክነው ምንም ሳይሠሩ ቁጭ ባሉበት ነው።

ኅዳር 9

ጋሼን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው። ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን ቃል ከመናገሬ በፊት ግቢው ውስጥ የቆሙትን አይሱዙዎች አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ አራት አይሱዙ እያንዳንዱ አምስት አምስት ኩንታል ጭኖ ሸኖ ድረስ ቢሄድ ምን ይላሉ?» «ሾፌሮቹን አባርራለሁ!» አሉ። «ሰርቨሮቹ እንደዚያ ናቸው። ጭነቱን አንዱ ላይ እንጫነው። ግን የእያንዳንዱ ጭነት በየራሱ ሸራ ተጠቅልሎ፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀላቀል።»

ወዲያው ገባቸው። ጥያቄያቸው ግን ጠንካራ ነበር። «ነጻ ነው ያልከኝ ሶፍትዌር፣ ነገ ተመልሰው ክፈሉ ቢሉኝስ?»

ይህን ጥያቄ በደንብ መመለስ ፈልጌ ነበር፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ኬቪኤም የሚባለው፣ አንዱን ማሽን ለብዙ የሚያካፍለው ሶፍትዌር፣ ተለይቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ሊኑክስ የሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት (ከርነል) አካል ነው። ሥራውን የጀመረው ኩምራኔት የሚባል የእስራኤል ኩባንያ ነበር፣ ዋና ጸሐፊው አቪ ኪቪቲ። በፈረንጆቹ የካቲት 2007 ከወጣው ከርነል 2.6.20 ጀምሮ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። በ2008 ሬድ ሃት ኩባንያውን ገዛው። ኮዱ ግን በጂፒኤል ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ አንዴ የተለቀቀውን መልሶ መቆለፍ አይቻልም። ዛሬ የጉግል ክላውድ ማሽኖች የሚሠሩት በኬቪኤም ነው። ናይትሮ የሚባለው የአማዞን ክላውድ ሥርዓትም የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው።

የሚከፈልባቸው ነገሮች አይረቡም እያልኩ አይደለም። ቪኤምዌር ለዓመታት የቢሮ ሰርቨር ሁሉ ምርጫ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ብሮድኮም ገዝቶት፣ አንዴ ከፍሎ ለዘለዓለም መጠቀም ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈል ሆነ። በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለጉግል ምንም አይደለም። ለደብረ ብርሃን ዱቄት ፋብሪካ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ያልሸሸግኳቸው አንድ ነገር አለ። ዊንዶውስ በየትኛውም ሳጥን ውስጥ ቢገባ ፈቃድ ይፈልጋል። ኬቪኤም እሱን አያስቀርም። ደግነቱ የዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ ፈቃድ የማሽኑን ኮሮች (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) በሙሉ ከሸፈነ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ያስኬዳል፣ የቀድሞ እትም ለመጠቀምም ይፈቅዳል። ትንሹ የሚገዛው 16 ኮር ነው። ስለዚህ ከ16 ኮር የማይበልጥ ማሽን እንገዛለን። ሒሳብና አሻራ በዊንዶውስ፣ መጋዘንና ሰነድ በሊኑክስ ይሆናሉ። ከአራት ፈቃድ ወደ አንድ።

ሒሳብ ክፍል ያሉት እትዬ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አሉ። ልክ ናቸው። አራቱም አንድ ላይ ከሆኑ፣ ያ አንዱ የወደቀ ቀን ፋብሪካው ይቆማል። ስለዚህ ከሚተርፈው ገንዘብ ላይ ለመጠባበቂያ፣ ለባትሪና ለቅጂ ዲስክ ቀድመን እንድንቀንስ ተስማማን። ይህ ባይሆን ሥራውን አልጀምረውም ነበር።

ኅዳር 14

ማሽኑ ዛሬ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ሁለተኛ እጅ ታወር ሰርቨር፣ ሁለት ባለ 8 ኮር ዚየን ፕሮሰሰር፣ 64 ጊጋባይት ራም። ሁለት አዲስ ኤስኤስዲ ለብቻ ገዝተናል። አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲቀጥል በሬይድ 1 ይጣመራሉ።

የት እናስቀምጠው የሚለው ከተጠበቀው በላይ አከራከረን። ጋሼ ከተማው ራሱ ፍሪጅ ነው፣ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነች። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። የሰርቨር ሙቀት መመሪያዎች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት አንድ ዲግሪ ቀንሱ ይላሉ። 35 ዲግሪ የሚችል ማሽን እዚህ 29 አካባቢ ነው የሚችለው። ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል በጋ ላይ እዚያ ይደርሳል።

ከወፍጮው የራቀውን፣ ፀሐይ የማይገባበትን ክፍል መረጥን። በሩ ሥር ብናኝ እንዳይገባ ጨርቅ መታሁበት።

ኅዳር 15

እሑድ ነው፣ የገና ጾም የተያዘበት ቀን። ቢሮው ጭር ብሏል። ደቢያን 12 የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩ፣ ቀጥሎ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬዱትንና የሚያስተዳድሩትን ኬሙን፣ ሊብቨርትንና ቨርት-ማናጀርን። የሚጫነውን ሁሉ አዲስ አበባ ጓደኛዬ ቢሮ አውርጄ በፍላሽ ይዤ ስለመጣሁ ኔትወርክ አላስጨነቀኝም።

ፕሮክስሞክስ የሚባለውን ዝግጁ የቨርቹዋላይዜሽን ሥርዓት ለምን አልመረጥክም የሚል ሰው ይኖራል። ጥሩ ነው፣ ውስጡም ይኸው ኬቪኤም ነው። ለብዙ ሰርቨር ቢሆን እሱን እመርጥ ነበር። ለአንድ ማሽን ግን ክፍሎቹ ያነሱ፣ እኔ በሌለሁበት ሌላ የሊኑክስ ባለሙያ መጥቶ ቶሎ የሚረዳው ነገር ፈለግሁ።

የመጀመሪያውን ቨርቹዋል ማሽን ስነሣ ግን ነገሩ እንደ ቀንድ አውጣ ተጎተተ። የሙከራ ዊንዶውስ መጫን ብቻ ሁለት ሰዓት አልፎት አላለቀም። ማሽኑን ሲሸጡልኝ ያሞኙኝ መሰለኝ፣ ተናደድኩም። ከዚያ የከርነሉን መልእክት ሳነብ ኬቪኤም በባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ በሚነሣው ፕሮግራም) ተዘግቷል የሚል መስመር አገኘሁ። ኬሙ የፕሮሰሰሩን እገዛ ሲያጣ አልሠራም ብሎ አይቆምም። ሁሉንም በሶፍትዌር እያስመሰለ ይቀጥላል። የሚጎተተው ለዚህ ነው። ባዮስ ገብቼ ቪቲ-ኤክስ የሚባለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር እገዛ አበራሁ። ያው ዊንዶውስ 14 ደቂቃ ውስጥ ተጭኖ አለቀ።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ቀኑን እንዳያባክን ነው። ፕሮሰሰሩ ዝርዝር ውስጥ ለኢንቴል ቪኤምኤክስ፣ ለኤኤምዲ ኤስቪኤም የሚል ምልክት መኖሩ አይበቃም። የኬቪኤም ሞጁሉ መጫኑንም እዩ።

ኅዳር 17

ብሪጁን ሠራሁ። ቨርቹዋል ማሽኖቹ እንደማንኛውም ኮምፒውተር በፋብሪካው ኔትወርክ ላይ የራሳቸው አድራሻ እንዲኖራቸው ነው። ሰርቨሩ ፊት ቁጭ ብዬ ስለሠራሁት መስመሩ ለአፍታ ሲቋረጥ አልደነገጥኩም። ከቤት ሆኖ ይህን መሞከር ግን ራስን ውጪ አስቀርቶ በር መዝጋት ነው።

ኅዳር 20

ሁለቱ ሊኑክሶች ተነሥተዋል። የመጋዘኑ ዳታቤዝ ማሪያዲቢ ወደሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ያለ ችግር ገባ። ሰነዶቹ ሳምባ በሚባለው የፋይል ማጋሪያ ይጋራሉ። የመጋዘን ሠራተኛው ምን እንደተለወጠ እንኳ አላወቀም፣ «ዛሬ ቶሎ ይከፍታል» ብቻ ነው ያለው። ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 22

ዋናው ፈተና። እትዬ ዓመቱ ሳይዘጋ ፒችትሪን ከነካህብኝ አንነጋገርም ብለዋል። ስለዚህ አዲስ ዊንዶውስ ላይ ከመጫን ይልቅ የድሮውን ማሽን እንዳለ ነፍሱን ወደ አዲሱ ሳጥን ማዛወር ነበረብኝ። እሑድን መረጥኩ።

ዲስክ2ቪኤችዲ በሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ሙሉ ዲስኩን ወደ አንድ ፋይል ገለበጥኩ። በኬሙ የምስል መቀየሪያ ኬሙ ወደሚጠቀምበት የዲስክ ፋይል ዓይነት፣ ወደ ኪውካው2፣ ለወጥኩት። የድሮው ማሽን በአሮጌው ባዮስ የሚነሣ ስለነበር አዲሱንም እንደዚያው አደረግሁት። ከዚያ ፍጥነት ፈልጌ ዲስኩን በቀጥታ በቨርትአይኦ አስነሣሁ።

ሰማያዊ ስክሪን። 0x7ቢ የሚለው ስሕተት። ዊንዶውሱ የሚነሣበትን ዲስክ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። ቨርትአይኦ ማለት እንግዳው (ውስጥ የሚሠራው) ማሽን ቨርቹዋል መሆኑን አውቆ ከአስተናጋጁ (ከእውነተኛው ማሽን) ጋር በአጭር መንገድ የሚነጋገርበት ዘዴ ነው። ፈጣን ነው። ግን ዊንዶውስ ድራይቨሩን ሳይዝ ተወልዷል፣ ዲስኩን የሚያይበት ዓይን የለውም።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ዋናውን ዲስክ ሳታ ወደሚባለው የተለመደ አያያዝ መለስኩት፣ ተነሣ። ከጎኑ አንድ ጊጋባይት ባዶ ዲስክ በቨርትአይኦ አያያዝኩለት። ዊንዶውሱ አዲስ ዕቃ መጣልኝ ሲል ድራይቨሩን ሰጠሁት። ለድሮ ዊንዶውስ የሚሆነውን ቀደም ያለውን የድራይቨር ቅጂ መፈለግ ነበረብኝ። አጥፍቼ ዋናውን ዲስክ ወደ ቨርትአይኦ ቀየርኩ። ተነሣ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ፒችትሪ ሲከፈትና የእትዬ የድርጅት ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ።

የ2012 አር2 ድጋፍ መስከረም 29 ቀን 2016 አብቅቷል። ስለዚህ ይህ ማሽን ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ መውጫ መንገዱን ዘጋሁበት። ሒሳብ ክፍሉን ብቻ ያገለግላል።

ኅዳር 23

እትዬ ገና ካቦርታቸውን ሳያወልቁ ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ሰዓቱ ምን ሆነ? እኔ 3 ሰዓት ገብቼ ይሄ ገና 12 ሰዓት ነው ይላል። ትናንት ሌሊት የሠራሁ ነው የሚመስለው።»

ልክ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪኒች በሦስት ሰዓት ይቀድማል። አስተናጋጁ ለቨርቹዋል ማሽኑ የሰጠው የግሪኒችን ሰዓት ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ የማሽኑን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ይወስዳል። ማሽኑን ስፈጥር ዊንዶውስ መሆኑን ብነግረው ሊብቨርት ራሱ ያስተካክለው ነበር። እኔ ቸኩዬ ዝም ብዬ አለፍኩት። በመግለጫ ፋይሉ ላይ ሰዓቱን ወደ አካባቢ ሰዓት ቀየርኩ። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ለሒሳብ ሰው የሰዓት ስሕተት ትንሽ አይደለም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ያተሙትን አንድ ሪፖርትም አብረን ድጋሚ አወጣን።

ኅዳር 27

ዛሬ መብራት እስኪጠፋ አልጠበቅኩም። ሁሉም ከወጡ በኋላ በ11 ሰዓት የዩፒኤሱን ገመድ ራሴ ነቀልኩ።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ኤንዩቲ የሚባለው ፕሮግራም ዩፒኤሱን ይሰማል። ሦስት ደቂቃ ካለፈ አስተናጋጁን ዝጋ ይለዋል። አስተናጋጁ እንግዶቹን አንድ በአንድ በሰላም ያሰናብታል። ሁለቱ ሊኑክሶች በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተዘጉ። ዊንዶውሶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። አስተናጋጁ 300 ሰከንድ ጠበቀና ተስፋ ቆርጦ ቆረጣቸው። ፒችትሪ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ዳታው ሊበላሽ ይችል ነበር። እጄ ቀዘቀዘ።

ምክንያቱን ለማግኘት እስከ 2 ሰዓት አመሸሁ። ዊንዶውስ ሰርቨር ማንም ሎግ ኢን ሳያደርግ ከመግቢያው ስክሪን ላይ እንዳይዘጋ ተደርጎ ነው የሚመጣው። የመዝጊያ ቁልፉን ምልክት ሰምቶ ችላ ይለዋል። ደንቡን ቀየርኩ፣ በተጨማሪ የኬሙን የእንግዳ ወኪል ፕሮግራም በሁለቱም ላይ ጫንኩ። ድጋሚ ነቀልኩ። በአንድ ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሁሉም ተኛ።

በማግስቱ ማለዳ በ12 ሰዓት፣ ክፍሉ እንደ በረዶ ሳለ፣ ሌላ ሙከራ አደረግሁ። ከሰዓት 14 ደቂቃ የቆየው ባትሪ ጠዋት 10 ደቂቃ ብቻ ቆየ። የእርሳስ ባትሪ ብርድ ላይ አቅሙ ይቀንሳል። ሰርቨሩ የሚወደውን ብርድ ባትሪው አይወደውም። ስለዚህ የዩፒኤስ ጊዜያችሁን በቀትር አትለኩት፣ ቢያንስ ሰሜን ሸዋ ላይ።

ታኅሣሥ 4

ቅጂ። ስናፕሾት (የማሽኑን የአንድ አፍታ ሁኔታ መያዝ) ቅጂ አይደለም፣ ምክንያቱም ያው ዲስክ ላይ ነው ያለው። ዲስኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በየሌሊቱ በ7 ሰዓት እንግዶቹ ተራ በተራ ይዘጋሉ፣ ፋይላቸው ወደ ውጪ ዲስክ ይገለበጣል፣ መልሰው ይነሣሉ። ሳይዘጉ መገልበጥም ይቻላል። ግን ሌሊት የሚሠራ ሰው ከሌለ ቀላሉን መንገድ ለምን እንተዋለን? ሁለት ዲስክ አለ። አንዱን ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ይወስዳሉ።

ከድሮዎቹ የተሻለውን፣ የሒሳቡን ማሽን፣ አጽድቼ ሊኑክስ ጫንኩበትና መጠባበቂያ አደረግሁት። ዛሬ ዋናው ሞቷል ብለን ፒችትሪን እሱ ላይ ለማስነሣት ሞከርን። ዲስኩ ተገልብጧል፣ ግን የማሽኑን መግለጫ ፋይል ቅጂ ውስጥ አላካተትኩትም ነበር። ስንት ራም፣ የትኛው የኔትወርክ አድራሻ፣ የሰዓቱ ነገር፣ ሁሉም በእጅ እንደገና። 47 ደቂቃ ወሰደ። መግለጫዎቹንም ቅጂው ውስጥ ጨምሬ ስደግመው 19 ደቂቃ። እትዬ ከጎኔ ቁጭ ብለው ሰዓት ይዘው ነበር። «አሁን እተኛለሁ» አሉ።

ታኅሣሥ 12

የድሮው የአሻራ ማሽንም ትናንት ተዘጋ። ዋት መለኪያው አሁን 140 ላይ ይዋልላል። ከ385 ሲቀነስ 245 ዋት ነው። ሌት ተቀን ለዓመት ሲሰላ 2,146 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የተሰጡት ራሞች 16፣ 12፣ 8 እና 4 ናቸው፣ ድምሩ 40 ጊጋባይት። ካለው በላይ አላበደርኩም፣ 24 ጊጋባይት ትርፍ አለ።

ከፕሮፎርማው ውስጥ ሳንገዛው የቀረው ሁለት ሰርቨርና ሙሉ የቨርቹዋላይዜሽን ፈቃዱ ነው። የወጣው የዊንዶውስ ፈቃድ፣ ሁለተኛ እጁ ማሽን፣ ኤስኤስዲዎቹ፣ አንድ ጥሩ ዩፒኤስና ሁለቱ ዲስኮች ናቸው። ጋሼ የእኔን ድካም ዋጋ አብረው ደምረው እንኳ ከተጠየቁት ሲሶ አልደረሰም ብለዋል። በልባቸው ግን የበለጠ ያስደሰታቸው በየዓመቱ ዶላር የሚጠይቅ ወረቀት አለመኖሩ ነው።

ታኅሣሥ 18

ትናንት ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር። ዘበኛው አባባ ጄኔሬተር ከማስነሣታቸው በፊት ሁሉም በሥርዓቱ ተዘግቶ፣ መብራት ሲመለስ ራሱ ተነሥቷል። ጠዋት ስገባ እትዬ ሥራ ላይ ናቸው። መብራት መሄዱን አልሰሙም።

አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ጽፌ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ዋናው ካልተነሣ መጠባበቂያው የትኛው እንደሆነ፣ ዲስኩ የት እንደሚሰካ፣ ማን እንደሚደወልለት። ፒችትሪን ወደ ዊንዶውስ 2022 የማዛወሩን ሥራ ከሰኔ 30 መዝጊያ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ከእትዬ ጋር ቀን ቆርጠናል።